ፖምና ድግስ

ባለፈው ሳምንት ከአጋርፋ ወደ ሮቤ ስሄድ የቀድሞ ተማሪዬ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ወፍጮ ለመትከል ያጠራቀማት ብር አለችው፤ ቤተሰቡ ግን «በሷ ሠርግህ ይደገስ» ብለው ይዘውታል። «ቲቸር፣ ፕሮቴስታንቶች ንግድ የሚሆንላቸው በሃይማኖታቸው ነው የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ። መልሱን ሳልጨርስለት ሮቤ ደረስን። ቀሪው ይኸው።

ነገሩን በሰፊው ያነሳው ጀርመናዊው ማክስ ቬበር ነው፣ በ1904 እና በ1905 እ.ኤ.አ.። ካልቪናውያኑ የዕለት ሥራቸውን የእግዚአብሔር ጥሪ ነው ብለው ይተጋሉ፤ ያገኙትን በቅንጦት ማጥፋት ደግሞ ነውር ነው። ያልተበላ ትርፍ ተመልሶ ሥራ ላይ ይውላል።

ለኛ የሚቀርበው ግን የጋሞ ደጋ ታሪክ ነው። በዚያ አገር ወግ ሀብት ያፈራ ሰው «ሀላቃ» ሆኖ ይሾማል፤ ለአገሬው ትልቅ ድግስ ይደግሳል። ብሩ ያልቃል፣ ክብሩ ይቀራል። በኋላ የፖም እርሻ መጣ። ጨንቻ ላይ ፖምን ያስተዋወቁት ሚሲዮናውያን ናቸው፤ ለገበያ እንዲስፋፋ ደግሞ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የልማት ሥራ ትልቅ ድርሻ ነበረው። በአካባቢው ለዓመታት ያጠናችው አንትሮፖሎጂስት ዴና ፍሪማን በ2012 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ እንደጻፈችው፣ የፖም ገበያውና የጴንጤ እምነት አብረው ተስፋፉ። አዲሱ እምነት ከድግሱና ከመሥዋዕቱ ለመውጣት በቂ ምክንያት ሆነ። ትናንት «ስስታም» የሚባለው ሰው ዛሬ «አማኝ ስለሆነ ነው» ተባለ።

እኔ እንደሚገባኝ፣ እምነቱ ብር አልሰጣቸውም። ያገኙትን ይዘው እንዲቆዩ ግን ከለላ ሆናቸው። ለዚህ ደግሞ የግድ ጴንጤ መሆን አያስፈልግም፤ እዚሁ ባሌ በስንዴ የበለጸገው ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ነው።

አንድ ነገር ግን አይረሳ። ድግሱ ከንቱ ብክነት ብቻ አልነበረም። የድሃው ጎረቤት ሥጋ የሚቀምሰው፣ ያለው ከሌለው ጋር በአንድ ገበታ የሚቀመጠው ያኔ ነው። ድግሱ ሲቀር ያም አብሮ ይቀራል።

እና ልጄ፣ ወፍጮህን ትከል። ሠርጉን በቡናና በዳቦ አድርገው፤ አባትህን እኔ አናግራቸዋለሁ። ወፍጮው ሥራ ሲጀምር ግን የዚያችን የጎረቤትህን አሮጊት እህል በነፃ ፍጭላት። ድግሱ በዚያ ይተካ።