አጥሩ ሰው ነበር

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላል ያገራችን ሰው። ዛሬ ተረቱን የምንጠቅሰው ለተዳፈረን ጎረቤት፣ ለናቀን አለቃ ወይም ድንበር ለገፋ ባላጋራ ነው። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር የሚታየኝ ዝንጀሮ ነው። ይህን ተረት እንደ ዝንጀሮ በሥራ ላይ ያዋለው የለማ! ማሳው ዳር የቆመው ዱላ የያዘ ጎልማሳ ከሆነ መንጋው ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ሴት ወይም ሕፃን ልጅ ከሆነች ቀረብ ይላል። ማንም ከሌለማ ምን ይጠየቃል! የእሾህ አጥር ሆነ የድንጋይ ካብ ለእሱ መወጣጫ ነው። የሚፈራው አጥሩን ሳይሆን ባለቤቱን ነውና።

ስለ እርሻችን ታሪክ ሲወራ ስለ ሞፈርና ቀንበሩ፣ ስለ ገባርና ባለርስቱ ብዙ ይባላል። ስለ ጠባቂው ግን እምብዛም አይነሳም። እስቲ እናስበው፤ ማረስ ጊዜ አለው፣ ማረምም ጊዜ አለው፣ ማጨድም ጊዜ አለው። መጠበቅ ግን ዘሩ መሬት ከነካበት ቀን ጀምሮ እህሉ ጎተራ እስኪገባ ድረስ ነው።

ጠላቱ ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቀን ቀን ዝንጀሮ፣ ጦጣና ወፍ፤ ሲመሽ ጃርትና የዱር አሳማ። ጃርት ድንቹን ቆፍሮ ያወጣል፣ ዱባውን ይቦጠቡጣል፤ ጠዋት ባለቤቱ የሚያገኘው ጉድጓድና አንድ ሁለት የወደቀ እሾህ ነው። እንሰት በሚተከልበት በደቡቡ አገራችን ደግሞ ፍልፈል አለ። እሱ ጭራሽ የሚመጣው ከመሬት በታች ነው። እየሰረሰረ ይደርስና የእንሰቱን ሥር ይበላል፤ ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው ቅጠሉ ጠውልጎ ሲያየው ነው። ይህን የትኛው አጥር ያግደዋል?

ታድኖ እንዳይበላ ደግሞ ከርከሮውንም ዝንጀሮውንም ክርስቲያኑም እስላሙም አይቀምሳቸውም። በሌላ አገር ሰብል የሚያጠፋ አውሬ ቢያንስ ድስት ውስጥ ይገባል። የኛ ገበሬ ግን አውሬውን ቢገድል እንኳ ትርፉ ድካም ነው።

ነገሩ የትናንት አይደለም። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ወደ አገራችን የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በሰሜኑ ተራራማ አገር ስላያቸው መንጋ መንጋ ዝንጀሮዎች ጽፏል። ድንጋይ ሳይገለብጡ እንደማያልፉና የጫሩት መሬት የታረሰ እንደሚመስል መስክሯል። ጭላዳንም በ1835 እ.ኤ.አ. ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው ይባላል። ይሁን፤ የደገኛው ገበሬ ግን ጭላዳን ከሩፔል በፊት ያውቀዋል። ዋና ምግቡ ሣር ቢሆንም ገብሱ ሲያሸት ከገደሉ ወጥቶ ሲመጣ በወንጭፍ ሲመልሰው ኖሯልና።

ታዲያ ገበሬው በምን ተከላከለ? መልሱ አጭር ነው፤ በልጁ።

ማሳው መሐል አራት እንጨት ይተከላል፤ ከላይ ርብራብ ይደረግበታል፤ ማማ ይባላል። ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ ስለሚሄድ ካልተወጣ አይታይም። ልጁ ጎህ ሲቀድ ይወጣል፣ ወፍ ሲሰፍር ይወርዳል። መሣሪያው ወንጭፍ፣ ጅራፍና ጉሮሮው ነው። ጅራፍ ለቡሄ ብቻ የሚጮህ የሚመስለን የከተማ ሰዎች ካለን ተሳስተናል። ሐረርጌ ሂዱ፣ ኮንሶ ሂዱ፣ ማሽላ ባለበት ሁሉ ማማ አለ። ግሪሳ የመጣ ዕለት ግን ይህም አይበቃም። ግሪሳ ክብደቷ 20 ግራም ገደማ የሆነች ትንሽ ወፍ ናት፤ በቀን የምትበላው 10 ግራም ያህል ነው። ምን አላት ትሉ ይሆናል። አንድ ሚሊዮን ሆና ስትመጣ ግን በአንድ ቀን 100 ኩንታል ማለት ነው! ለዚህ ነው በኋላ ዘመን መንግሥት በአውሮፕላን መድኃኒት እስከመርጨት የደረሰው።

ሌሊቱስ? ሌሊቱ የአባወራው ነው። እሳት አንድዶ፣ ውሻውን ይዞ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ያድራል። ይህ የሚቻለው ግን ቤቱ ማሳው አጠገብ ሲሆን ነው። ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ዱባው፣ እንሰቱ ጓሮ የሚተከለው ለምን ይመስላችኋል? አንዱ ምክንያት እርግጥ ፍግና አመድ ለመድፋት ስለሚቀርብ ነው። ሌላው ግን ተኝተውም ስለሚሰሙት ነው። ኮሽ ሲል ውሻው ይጮሃል፣ ውሻው ሲጮህ ሰውየው ይነሣል። ጓሮ ማለት በጆሮ የሚጠበቅ እርሻ ነው።

ይህን ያልተረዳ መንግሥት ምን እንደሚያደርግ ያየነው በደርግ ዘመን ነው። የመንደር ምሥረታ ዘመቻ በ1977 ዓ.ም. በሐረርጌ በሰፊው ተጀመረ፤ በ1978 ዓ.ም. አገራዊ ሆነ። ተራርቆ የሚኖረው ገበሬ በአንድ ቦታ ቢሰበሰብ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ንጹሕ ውኃ ይደርሰዋል ተባለ። ወረቀት ላይ ማን ይጠላዋል? ለቁጥጥር እንደሚመችም ግን አልተሰወረም። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ጎጆውን እያፈረሰ፣ እንጨቱንና ሣሩን ተሸክሞ፣ በመስመር በተቀየሰ መንደር እንዲሰፍር ተደረገ።

ቤቱ ሄደ፤ ማሳው ግን አይሄድም። ቋሚ ተክሉም አይሄድም። አንዳንዱ መንደር ለእርሻው ቀረብ ብሎ ስለተመሠረተ ብዙም አልተጎዳ ይሆናል። በብዙ ቦታ ግን ገበሬው ማሳው ለመድረስ ረጅም መንገድ መጓዝ ግድ ሆነበት። ጠዋት ሲደርስ ዝንጀሮው ቀድሞታል፤ ማታ ሲመለስ ጃርቱና አሳማው ይተኩታል። ትቶት የመጣው ጓሮ ባለቤት አልባ ሆነ። ፍጉም አመዱም አዲሱ መንደር ቀረ። ቀያሹ መሐንዲስ ስለ መንገዱ ስፋት፣ ስለ ቤቱ አሰላለፍ ሲጨነቅ «ሌሊት ድንቹን ማን ይጠብቃል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። «ቀድሞ የመቀመጫዬን» ያለችው ዝንጀሮ እንኳ የመቀመጫን ነገር ከነሱ አስቀድማ አስባበታለች!

ፍርዱን የሰጠው ገበሬው ራሱ ነው። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ ገመዱን ላላ ሲያደርግ ስብሰባ የጠራ፣ አቤቱታ የጻፈ አልነበረም። በብዙ አካባቢ ሰዉ ቤቱን እያፈረሰ እንጨቱን መልሶ ተሸከመና ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። በእርግጥ የመለሰው ዝንጀሮ ብቻ ነው አልልም፤ የአያት የቅድመ አያት መሬት አለ፣ ነፃነት አለ፣ ግጦሽ አለ። ግን ማሳውን ካጠገቡ ሆኖ ማየት ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን የማይቀበል ገበሬ ማግኘት ያስቸግራል።

እንግዲህ ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ «እንደ ጥንቱ ይሁን» ብለን እንለያይ ነበር። ነገር ግን ጥንቱ ማማው ላይ ያወጣው ማንን ነው? ልጁን። ያ ልጅ ማማ ላይ ሲውል ፊደል አይቆጥርም። የማሽላ ማሸቻው ወራት ደግሞ ትምህርት ቤቱ በር ከሚከፈትበት ወራት ጋር ይጋጫል። ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ ሰብሉ ይበላል፤ ሰብሉ ሲጠበቅ ልጁ ይቀራል። አባቱ ልጄ አይማር ብሎ ክፉ ስላሰበ አይደለም፤ ዝንጀሮው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ስለማይመጣ ነው።

ስለዚህ «ልጆቻችሁን አስተምሩ» ብሎ መስበክ ብቻውን አይበቃም። ማሳቸው የተያያዘ ጎረቤታሞች ደቦ ወጥተው እንደሚያጭዱ ሁሉ በተራ ቢጠብቁ፣ አምስት ልጅ በሚውልበት አንድ ጎልማሳ ይበቃል። ዝንጀሮውም ጎልማሳውን እንደሚፈራ አይተናል። ጥበቃ እንደ ማረስና እንደ ማጨድ ሥራ ነው፤ ሥራ ከሆነ ደግሞ ሰው ይመደብለት፣ ዋጋም ይቆረጥለት። መንደር የሚቀይስ፣ ሰው የሚያሰፍር፣ ትምህርት ቤት የሚከፍት ባለሥልጣንም ወረቀቱን ከመፈረሙ በፊት ያቺን ያልተጠየቀች ጥያቄ ይጠይቅ፦ «ማሳውን ማን ይጠብቃል?» እሱ ባይጠይቅ ዝንጀሮው ይጠይቃል። መልስ ያጣ ዕለት ደግሞ ሰተት ብሎ ይገባል።