አቃቂ፤ የከተማይቱ በርና የካሜራው ዓይን

ቤት እንደ ሰው ያረጃል። ሰው ግን ስለ እርጅናው ራሱ ይናገራል፤ ቤት ተናጋሪ ይሻል። በአገራችን ይህን ተናጋሪነት ለብዙ ዘመናት የያዙት ዜና መዋዕል ጸሐፊውና አዝማሪው ነበሩ። ካሜራ የመጣው ኋላ ነው፤ አመጣጡም የሚያሳስብ ነው። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎችን ይዞ ነበር። የመቅደላን አምባ በምስል ያስቀረውና በአምባው ላይ የነበሩትን ቤቶች በእሳት ያጋየው ያው አንድ ጦር ነው። ስለዚህ ስለ ሕንጻና ስለ ፎቶግራፍ በተነሳ ቁጥር፣ ከምስሉ ውበት አስቀድሞ ካሜራውን የያዘው ማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ይመስለኛል።

ከመቅደላ በኋላ ካሜራው ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ፣ የነገሥታቱ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሆኑ። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒስ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ድርሳን ከ1867 እስከ 1935 የተነሱ ምስሎችን ሰብስበው አሳይተውናል። ይኸው ዤራር ከአርክቴክት ፋሲል ጊዮርጊስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ አዲስ አበባ የሕንጻ ቅርስ ያዘጋጀው መጽሐፍ ደግሞ ከ1886 እስከ 1941 ያለውን የከተማይቱን ግንባታ ይተርካል። እነዚህ ሥራዎች ባለውለታዎቻችን ናቸው። ሆኖም የካሜራው ዓይን በጠቅላላው ያዘነበለው ወደ ቤተ መንግሥቱ፣ ወደ አራዳና ወደ መኳንንቱ ሰገነት ነው። ከተማይቱን ያለበሰው፣ ብረቷን የቀጠቀጠው፣ ባቡሯን የተቀበለው ደቡባዊው ዳርቻ በምስል ታሪካችን ውስጥ የያዘው ስፍራ ጠባብ ነው።

አቃቂ የአዲስ አበባ በር ናት ቢባል ግነት አይሆንም። ከጅቡቲ የተነሳው የአንድ ሜትር ስፋት ያለው ሐዲድ 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ወደ ለገሃር ከመግባቱ በፊት የሚያልፈው በአቃቂ ጣቢያ ነበር። በ1928 ዓ.ም. መባቻ፣ የኢጣሊያ ወረራ በተቃረበበት ወቅት፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ድምፅ በሬዲዮ ወደ ዓለም የተላለፈው ከአቃቂ ነው። ከነጻነት በኋላ፣ በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ፣ ከህንድ ባለሀብቶች ጋር በሽርክና የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቆመ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ወዛደሩ በፉጨት ተነስቶ በፉጨት የሚገባባት ከተማ ሆነች። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎች በደርግ ሲወረሱ በር ላይ የተሰቀለው ጽሑፍ ተቀየረ፤ ግድግዳው ግን ያው ነበር።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለፎቶግራፍ አንሺ ትልቅ ትምህርት አለው። ሥርዓት በአንድ አዋጅ ይለወጣል፤ ሕንጻ ግን አዋጁን የሚሰማው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ቀለሙ፣ ቀጥሎ መስኮቱ፣ ከዚያ ጣሪያው፣ በመጨረሻም መሠረቱ ይለወጣል። ይህንን ዘገምተኛ ለውጥ በአንድ ምስል ማሳየት አይቻልም፤ አንዱን ግድግዳ ከአንድ ስፍራ ቆሞ በየዓመቱ ማንሳትን ይጠይቃል።

በዚህ ረገድ ጀርመናውያኑ ባልና ሚስት ቤርንድና ሂላ ቤሸር ሊጠቀሱ ይገባል። ከ1959 (እ.ኤ.አ.) ጀምረው ለአሥርታት የውኃ ጋኖችን፣ የማዕድን ማውጫ ማማዎችንና የብረት ማቅለጫ እቶኖችን በጥቁርና ነጭ አነሱ። ሰማዩ ደመና ሲሆን ብቻ፣ ፊት ለፊት፣ ያለ አንዳች ማጋነን። ማንም ቅርስ ብሎ ያልጠራቸውን ሕንጻዎች ጎን ለጎን ሲደረድሯቸው፣ ተመልካቹ የአንድን ዘመን ፊት አየ። እ.ኤ.አ. በ1990 የቬኒስ ቢየናሌ ሽልማት ሲሰጣቸው በፎቶግራፍ ሳይሆን በቅርጻ ቅርጽ ዘርፍ መሆኑ ብዙ ይናገራል። ሕንጻዎቹ አብዛኞቹ ሳይፈርሱ የደረሱላቸው እነርሱ ናቸው። የአቃቂና የቃሊቲ መጋዘኖች፣ የፋብሪካ አዳራሾችና የጭስ ማውጫዎች እንዲህ ያለ ትዕግሥተኛ ዓይን ቢያገኙ የኢንዱስትሪ ታሪካችን አንድ ምዕራፍ ከመጥፋት ይድን ነበር።

አቃቂ ግን ሩር ሸለቆ አይደለችም፤ የራሷ ጠባይ አላት። የምትቆምበት መሬት በአብዛኛው መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ከእርሱ ጋር ግድግዳም ይሰነጠቃል፣ ደጃፍም ይዘማል። በባሕር ዛፍ ቋሚና በማገር የተሠራ፣ ጭድ በገባበት ጭቃ የተመረገ ቤት ይህን ንቅናቄ በመላላት ይቀበለዋል፤ ባለቤቷም በየጊዜው ምርጊቱን ታድሳለች። የብሎኬት ቤት ግን ግትር ነው፤ መሠረቱ ካልጠለቀ ይነቃል። ስለዚህ በአቃቂ የአንዲት ጭቃ ቤት ግድግዳ እንደ መዝገብ ነው፤ እያንዳንዱ የምርጊት ድርብ የአንድ ዘመን ክረምትን ይዟል። ይህን ማንበብ የሚችል ካሜራ፣ ሐውልት ከሚያነሳ ካሜራ ያነሰ የታሪክ ሥራ አይሠራም።

ባለፉት ሃያ ዓመታት ውስጥ ደግሞ ለውጡ ፈጠነ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከቱሉ ዲምቱ አጠገብ ተነስቶ ወደ አዳማ የሚዘረጋው የፍጥነት መንገድ ተከፈተ። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. የከተማ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ፤ የሰሜን ደቡብ መስመሩም መድረሻውን ቃሊቲ አደረገ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲሱ የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ፤ አሮጌውንም ሐዲድ ትቶ በራሱ መስመር ሄደ። በቱሉ ዲምቱና በኮየ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በረድፍ በረድፍ በቀሉ።

እዚህ ላይ የፎቶግራፍ ድካም ይገለጣል። የኮንዶሚኒየም ምስል ከሥሩ የነበረውን የጤፍና የሽምብራ ማሳ አያሳይም። ማሳውን ያረሰው ገበሬ የት እንደገባም አይናገርም። ዕጣ የደረሰው ሰው በአዲሱ በር ላይ ቆሞ የተነሳው ፎቶግራፍ እውነተኛ ደስታ ነው፤ መሬቱን የለቀቀው ሰው ኀዘንም እውነተኛ ነው። ሁለቱ በአንድ ምስል ውስጥ አይገቡም። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያኖር ሰው ከሌለ፣ የሚቀረን ታሪክ የአንደኛው ብቻ ይሆናል።

የፓሪስ አስተዳደር በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሊያፈርሳቸው የወሰነባቸውን ጠባብ መንገዶች እንዲያነሳለት ሻርል ማርቪልን ቀጥሮ ነበር። ምስሎቹ ዛሬ ድንቅ ቅርስ ናቸው፤ ዳሩ ግን የአፍራሹ መዝገብም ነበሩ። በአዲስ አበባ ማይክል ጸጋዬ «የወደፊት ትዝታዎች» ብሎ በሰየመው ሥራው የያዘው አቋም ከዚህ ይለያል፤ የሚለወጠውን ከተማ የሚያየው በነዋሪ ዓይን ነው። ርዕሱ ራሱ ቅኔ አለው፤ ዛሬ የምናየው ነገ ትዝታ እንደሚሆን እያወቅን እንድናይ ያስገድደናል። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስትም እንዲህ ላሉ ዓይኖች መድረክ ከፍቷል። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ ግን፣ በየሰዉ እጅ ካሜራ ያለው ስልክ ባለበት ዘመን እንኳ፣ ብዙዎች የፈለጉት ምስል የአፈራረሱን ሳይሆን ከዚያ በፊት የነበረውን ተራ ቀን ምስል ነበር። እርሱ ደግሞ በብዛት የሚገኘው በቤተሰብ አልበም ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው መጽሐፍ የዚህን ሀብት መጠን አሳይቷል፤ ለልደት፣ ለሠርግ፣ ለምረቃ የተነሳ ፎቶግራፍ ከሰዎቹ ጀርባ ከተማውን ሳያስበው ይዞ ይገኛል።

የአቃቂ ታሪክም በዚያው ይመስለኛል ተደብቆ ያለው። ጡረታ የወጣች የፋብሪካ ሠራተኛ ከባልደረቦቿ ጋር በደጃፉ ላይ የተነሳችው ምስል፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ በጣቢያው አጠገብ ቆሞ የተነሳው ምስል፣ በየሳጥኑና በየኮሜዲኖው መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። ጀርባው ላይ ስም፣ ስፍራና ዓመተ ምሕረት ካልተጻፈበት ግን፣ ባለቤቱ ባረፈ ማግስት ማንነቱ የማይታወቅ ወረቀት ይሆናል። ስለዚህ፣ ውድ አንባቢያን፣ እናቶቻችንና አባቶቻችን በሕይወት ሳሉ አልበሙን እናውጣ፤ «ይህ የማን ቤት ነው? መቼ ነው? አሁን በስፍራው ምን አለ?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም በእርሳስ ከጀርባው እንጻፍ።