ድምፅና ሥልጣን

ድምፅ መስጠት ሥርዓትን ይለውጣልን? ተማሪዎቼ ደጋግመው ያነሡልኛል። መልሱን ከታሪክ እንፈልገው።

የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የመምረጥ መብት ሰጠ። ዳሩ ግን ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሆነ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ድምፅ ነበረ፤ ድምፁ የሚያዝበት ሥልጣን ግን አልነበረም። ስለዚህም ለውጡ በ1966 ዓ.ም. ከጎዳናና ከጦር ሰፈር መጣ።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሌላ ትምህርት ሰጠን። ቅንጅት አዲስ አበባን ጠራርጎ አሸነፈ። በአገር አቀፉ ውጤት ላይ ክርክር ሲነሣ ግን ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑት ዳኛ አልተገኘም። በሰኔና በጥቅምት ደም ፈሰሰ፤ የቅንጅት መሪዎችም ታሰሩ። በ2002ቱ ምርጫ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ያዙ።

ይህ ሁሉ ድምፅ ከንቱ ነው ያሰኛልን? አያሰኝም። በዛምቢያ ኬኔት ካውንዳ ከ27 ዓመት አገዛዝ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1991 በምርጫ ተሸንፈው ሥልጣናቸውን በሰላም አስረክበዋል። ነገር ግን አስቀድሞ በ1990 የሕዝብ ቁጣና የሠራተኛ ማኅበራት ግፊት የአንድ ፓርቲን ሥርዓት አፍርሶ ነበር። የምርጫው ሣጥን የትግሉ መደምደሚያ እንጂ መነሻ አልነበረም።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ጥያቄያችንን እናስተካክል፦ የምንመርጠው አካል በእውነት ሥልጣን አለውን? ቆጠራውንስ የሚዳኘው ማን ነው? ለእነዚህ ሁለቱ መልስ በሌለበት አገር የምርጫ ካርድ ወረቀት ብቻ ነው።