ከሜዳ ወደ ቤት የገባው ገና

“ኪሊማኒ” በስዋሂሊ “ኮረብታው ላይ” ማለት ነው። ከናይሮቢ መኻል ከተማ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በዚህ ሰፈር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ገናን በየዓመቱ ሁለት ጊዜ ያያል። በፈረንጆች ዲሴምበር 25 ቀን ጎረቤቱ ኛማ ቾማውን ጠብሶ “ክሪስማሲ ንጄማ” ሲለው፣ ኅዳር 15 ቀን የገባውን የነቢያት ጾም የያዘ ሰው ጾሙን አልፈታም። ጃንዋሪ 7 ቀን የእርሱ ተራ ሲደርስ ደግሞ ኬንያ በዓሏን ጨርሳ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። በሁለቱ በዓላት መካከል ያሉት 13 ቀናት ከየት መጡ? ያለ ዐዋጅና ያለ ሥራ መዝጊያስ ይህን በዓል ማን ተሸክሞ አቆየው?

የልዩነቱ ምንጭ ሃይማኖት ሳይሆን ሒሳብ ነው። በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር አንድ ዓመት 365 ቀን ከሩብ ነው፤ እውነተኛው የፀሐይ ዓመት ግን ከዚህ በ11 ደቂቃ ያህል ያንሳል። ይህች ትንሽ ትርፍ ተጠራቅማ ቀኑን ከወቅቱ ስላራቀችው፣ የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 እ.ኤ.አ. የኦክቶበር 4 ማግሥት ኦክቶበር 15 እንዲባል ወሰኑ። ኬንያን በኋላ የገዛችው እንግሊዝ እንኳ ይህን የተቀበለችው በ1752 እ.ኤ.አ. ነው። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን እንደ ግብጽ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት የሚያደርገውን ጥንታዊ ሥርዐት ይዛ ቀጠለች። ስለዚህ “የኢትዮጵያ ገና ዘግይቶ ይመጣል” የሚለው አነጋገር ልክ አይደለም። የእኛ ቀን በቦታው ቆሞ የቀረ ነው፤ የተነሣው የሌሎቹ ነው።

ልዩነቱ ደግሞ ባለበት አይረጋም። የዐድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን ያ ዕለት በፈረንጆቹ ማርች 1 ቀን 1896 ነበር። ዛሬ ግን የካቲት 23ን የምናከብረው በማርች 2 ነው። ፈረንጆቹ በ1900 የፌብሩዋሪን 29ኛ ቀን ስለዘለሉ 12 የነበረው ልዩነት 13 ሆነ። በ2100ም ስለሚዘሉ ከ2101 ጀምሮ ገናችን ጃንዋሪ 8 ላይ ይውላል። የልጅ ልጆቻችን በዚህ ኮረብታ ላይ ቢኖሩ የሚያከብሩት በዚያ ቀን ይሆናል ማለት ነው።

የሊቃውንቱ ስሌት የራሱ ውበት አለው። ከመጋቢት 29፣ ከጽንሰቱ በዓል፣ ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ሲቆጠር ታኅሣሥ 29 ይገኛል። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ግን አንድ ቀን ስለምትጨምር፣ የፅንሱ ቀን እንዳይበዛ በሚቀጥለው ዘመነ ዮሐንስ ልደት ታኅሣሥ 28 ይከበራል። በ2016 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። በስደት የሚኖሩ ወላጆች “ዘንድሮ ለምን 28 ሆነ?” ለሚል ልጅ ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ አያገኙም።

በአገር ቤት ገና በዋነኛነት የሜዳ በዓል ነበር። ሌሊቱ የቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት በኋላው የሜዳ ነው። ጎረምሶች በሁለት ወገን ተከፍለው፣ ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዘው ሩር ይለጋሉ። በዚያ ቀን ጌታ በሎሌው አይቆጣም ይባል ስለነበር፣ ሹሙና ባላገሩ በአንድ ሜዳ ይጋፉ ነበር። ቤቱ የሚጠብቀው ጠላውንና ድፎ ዳቦውን ነው፤ የበዓሉ ድምፅ ያለው ግን ከደጅ ነው።

ኬንያ የገባው ኢትዮጵያዊ ያንን ሜዳ ይዞ አልመጣም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች የሰሜኑን ድንበር ተሻግረው መጀመሪያ በኢሲኦሎ፣ ኋላም በታቬታ በተከለሉ ሰፈሮች ኖረዋል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ሌሎች መጡ። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅም ብዙዎች በሞያሌ በኩል አልፈው በዋልዳ መጠለያ፣ ከዚያም በ1992 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው በካኩማ ሰፈሩ። ናይሮቢ የደረሱት በኢስሊ፣ በኸርሊንግሃምና በኪሊማኒ ጎጆ ቀለሱ።

ኪሊማኒ ራሱ የሌሎች በዓል ታሪክ አለው። በቅኝ ግዛት ዘመን ናይሮቢ በዘር ስትከፋፈል ከፍ ያለው ምዕራባዊ ክፍል ለአውሮፓውያን ተመደበ፤ አፍሪካዊው በዚያ የሚያድረው በአብዛኛው በጓሮ ባለ የአገልጋይ ክፍል ነበር። በኬንያ እስከ ዛሬ ሥራ የሚዘጋበት ዲሴምበር 26 “ቦክሲንግ ደይ” የተባለውም ጌቶች ለአገልጋዮቻቸው ስጦታ በሣጥን ከሚሰጡበት የእንግሊዝ ልማድ ጋር ተያይዞ ነው። ዛሬ ሰፊ ግቢ የነበራቸው ቪላዎች በብዛት ፈርሰው ፎቅ ሆነዋል። የናይሮቢ ሰው በዲሴምበር መጨረሻ ወደ ትውልድ ቀዬው፣ በከተማው አነጋገር ወደ “ኡሻጎ”፣ ስለሚሄድ ሰፈሩ ጸጥ ይላል። በጸጥታው ውስጥ የሚቀረው ሐበሻ ሽሮውን እየበላ የራሱን ቀን ይጠብቃል።

በፎቅ ቤት ሩር አይለጋም። ስለዚህ ገና ከሜዳ ወደ ቤት ገባ፤ ከጎረምሶች እጅም ወጥቶ በእናቶች እጅ ወደቀ። በእኔ አስተያየት የስደት ገና ትልቁ የታሪክ ለውጥ ይህ ነው። ሽንኩርቱን ሌሊቱን የምታቁላላ፣ “ኪዬኔጂ” የሚሉትን የአገሬውን ዶሮ ፈልጋ የምትገዛ፣ የኬንያው ሥጋ ሻጭ እንደ ልማዱ እንዳይቆራርጥባት ሙሉውን ተቀብላ ዐሥራ ሁለቱን ብልት ራሷ የምታወጣ፣ በማግሥቱም ከሥራ ፈቃድ የምትለምን አንዲት ሴት ናት። በአገር ቤት በዓሉን ቤተ ክርስቲያኑ፣ መንደሩና መንግሥቱ ተጋግዘው ያቆሙት ነበር። እዚህ የአንዲት ሴት ጉልበትና የአንድ ቀን ፈቃድ ተሸክመውታል። እርሷ ስትደክም በዓሉም ይደክማል።

ከዚህ ድካም የተነሣ አንዳንድ ቤተሰቦች ግብዣውን ከዲሴምበር 25 ጋር አዋሕደዋል። ሥራ ዝግ ነው፤ ልጆቹም ቤት ናቸው። አይፈረድባቸውም፤ ነገር ግን ሌላ መንገድ ሥርዐቱ ራሱ ሰጥቶናል። የልደት ቅዳሴ የሌሊት ነውና የማንንም የሥራ ሰዓት አይነካም። ጾሙ ከቅዳሴ በኋላ በጥቂት ነገር ይፈታል፤ ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ ይበላል። ቀኑን መጠበቅ እንዲህ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ድግሱ ነው። ድግሱ ግን ሊጠብቅ ይችላል፤ ከልደት እስከ ጥር 11፣ እስከ ጥምቀት፣ ብዙ ጸጥ ያሉ ቀናት አሉና።

በትርጉም ሥራ ላይ ስኖር ወደ እንግሊዝኛም ሆነ ወደ ስዋሂሊ አልሻገር ካሉኝ ቃላት አንዱ “እንኳን አደረሳችሁ” ነው። “መልካም በዓል” ብሎ መመኘት አይደለም፤ ለዚህ ቀን በሕይወት መድረስን ማመስገን ነው። በመሆኑም ቀኑ ቢያልፍም አያረጅም፤ ሰው ከበዓሉ በኋላ መጀመሪያ ሲገናኝ ይባባለዋል። ይህ ሰላምታ በራሱ እንግዳን ከሳምንት በኋላ ለመቀበል ፈቃድ ነው። አንዱ ቅዳሜ የአክስት ቤት፣ ሌላው እሑድ የጎረቤት ቤት ቢሆን፣ ወንዶቹም ሽንኩርት ቢከትፉና ልጆቹ ቡናውን ቢያቀርቡ፣ በአንዲት ሴት ትከሻ ላይ የተቆለለው ሸክም ይከፋፈላል። ሜዳው በነበረ ጊዜም በዓሉ የቆመው በብዙ ሰው ነበርና።

የኬንያ ጎረቤቶቻችንም በእነዚህ ቀናት ቢጋበዙ ደስታው እጥፍ ነው። እነርሱ ጃንዋሪን በቀልድ “ንጃኑዋሪ” ይሉታል፤ “ንጃ” ረኃብ ነው። የዲሴምበር ወጪና የትምህርት ቤት ክፍያ ኪሱን ያራቆተው ጎረቤት በዚያ ወር የዶሮ ወጥ ሽታ በደረጃው ሲወጣ ማን እንደ ደገሰ ያውቃል። እርሱ በጾማችን ጊዜ ጠርቶን ነበር፤ እኛ በእጦቱ ወር እንጠራዋለን። ሊቃነ ጳጳሳትና መንግሥታት ሲከራከሩባቸው የኖሩት 13 ቀናት በዚህ ኮረብታ ላይ ለሁለት ጎረቤታሞች ተራ በተራ መጋበዣ ሆነዋል።