የአጎታችን እግርና የሴፍቲኔቱ መዝገብ

አጎታችን ሴፍቲኔት የገቡት በእግራቸው ነው። ቀልድ አይደለም። በቅሎ ጥላቸው የተሰበረ እግራቸው ሲድን ጠመመና «ሥራ የማይችሉ» ተብለው ቀጥታ ድጋፍ ላይ ተመዘገቡ። እኛ የጎንደር ከተማ ልጆች ግን ለፋሲካ ደጋ ወጥተን ሳለ የድንች ጆንያ ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ አየናቸው። እርስ በርስ ተያየን። ያን ቀን ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ጥያቄው ግን አብሮን ወረደ። አጎታችን ዋሽተው ይሆን?

ከመፍረዳችን በፊት እስቲ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ።

በአገራችን «አልችልም» ያለ ሰው ገንዘብ እንዲያገኝ መጀመሪያ የታሰበው ለደመወዝተኛው ነው። በ1955 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የመንግሥት ሠራተኛውን እንጂ ገበሬውን አያውቀውም። የገበሬው ጡረታ ልጁ ነበር፤ ልጅ ያጣ ደግሞ ደጀ ሰላም ይቀመጣል። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ለቀድሞው ሠራዊት አባላትና ለጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። እሱም ቢሆን የወታደሩ ነው። እርሻ ላይ የተሰበረ እግር አሁንም ወረፋ አልደረሰውም።

ወረፋው የደረሰው ከድርቅ በኋላ ነው። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ጠባቂ ሆነ። በየዓመቱ ለልመና መውጣት ይብቃ ተባለና በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት ተጀመረ፤ እነ ጃናሞራና በየዳም ገቡበት። መሥራት የሚችል በወር 5 ቀን እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ ክፍያው ሲጀመር በቀን 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። ሽማግሌው፣ አካል ጉዳተኛውና ሌላ የሚሠራ ሰው በቤቱ የሌለው ያንኑ ያህል ሳይሠራ ይቀበላል። ይህ ነው ቀጥታ ድጋፍ።

እንግዲህ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። መዝገቡ የሚያውቀው ሁለት ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ የሚችልና የማይችል። የአጎታችን እግር ግን ቅዳሜ ይችላል፣ እሁድ አይችልም። ከሁለት አንዱን ምረጥ የተባለ ሰው የባሰውን ቀኑን ይናገራል። ይህ በደጋ ገበሬ አልተጀመረም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1890 በእርስ በርስ ጦርነታቸው ለተሳተፉ ጉዳተኞች የጡረታ በሩን በሰፊው ሲከፍቱ፣ ክፍያው በጥቂት ዓመታት ከፌዴራሉ መንግሥት ወጪ ከሲሶ በላይ ደረሰ። ያኔም ጋዜጦቹ «ስንቱ ነው የእውነት ጉዳተኛ?» እያሉ ይጮኹ ነበር።

ነገሩን አጎታችንን ለማዳን ብቻ እያወራን እንዳይመስል፣ ሌላውንም ጎን እንንገራችሁ። ሴፍቲኔት ኮታ አለው። አንድ ሰው ያለአግባብ ከገባ አንዲት ጧሪ የሌላት ባልቴት ትቀራለች። ለዚህም ነው ስም ዝርዝሩ በሕዝብ ስብሰባ ፊት እንዲነበብ የተደነገገው። ከተሜው ሠራተኛ ጉዳቱን ሐኪሞች ይመረምሩለታል፤ ገበሬውን የሚመረምረው ጎረቤቱ ነው። ጎረቤት ጆንያውንም ያያል፣ በማግስቱ ከመደብ መነሳት ማቃታቸውንም ያያል። እርግጥ ጎረቤትም ዘመድ አለው፣ ቂምም አለው። ቢሆንም በዓመት አንድ ቀን ለፋሲካ ከሚመጣ ከተሜ የተሻለ ምስክር ነው።

በመጨረሻ ጠየቅናቸው። «አንቱ፣ እንዲህ ጆንያ እየተሸከሙ እንዴት አይችሉም ተባሉ?» አልን፣ ድምፃችን እየተንቀጠቀጠ። አልተቆጡም።

«ቅዳሜ የተሸከምኩትን እሁድ መጥታችሁ ጠይቁኝ» አሉን። ቀጥለውም «ድንጋይ ፈልጬ እርከን መሥራት አልችልም። የችግኝ ጣቢያ ጠብቅ ቢሉኝ ግን እጠብቃለሁ። ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

ለካ እኛም አልጠየቅናቸውም ነበር። ይችላሉ ወይስ አይችሉም እያልን ስንከራከር ከረምን እንጂ፣ ምን ይችላሉ ብለን አላሰብንም። ከመዝገቡ በምን ተሻልን?

ጥርጣሬያችን ሙሉ በሙሉ ጠፋ ብንል ውሸት ነው። ያቺ ኮታ ያልደረሳት ባልቴት አሁንም ትከነክነናለች። ግን ለእሷ መቆርቆር ማለት የአጎታችንን እግር አድብቶ መቁጠር አይደለም። ለግማሽ አቅም ግማሽ ሥራ የሚጻፍበት ዓምድ ቢኖር፣ አጎታችን እሁድን ለመናገር ቅዳሜን አይደብቁም ነበር።