ሰማይን ከምድር በታች የጠበቁት አዛዥ

አንባቢ ሆይ፤ በየብስ የሚዋጋ አዛዥ ጠላቱን አሻግሮ ያያል፤ ሰማይ እንዲጠብቅ የታዘዘው ግን ከጠረጴዛ ላይ ምልክት በቀር የሚያየው የለም። መስከረም 5 ቀን 1933 ዓ. ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1940) ከሎንዶን በስተምዕራብ በአክስብሪጅ፣ ከምድር በታች በተሠራ ክፍል፣ የኒውዚላንዱ ተወላጅ ኪት ፓርክ በዚህ ሁኔታ ነበሩ። የጠላትን መምጣት የሚነግሯቸው በባሕር ጠረፍ የቆሙት ራዳሮችና በየኰረብታው ያሉት ተመልካቾች ናቸው። ተዋጊዎቹን ቀድመው ቢያስነሡ፣ ነዳጅ ሊሞሉ ሲወርዱ ጠላት በምድር ላይ ያገኛቸዋል፤ ቢዘገዩ ደግሞ ከፍታ ሳይዙ ከላይ ይወርድባቸዋል።

በዚያ ቀን ፓርክ ያላቸውን ሁሉ አስነሡ፤ ከሰሜኑ ምድብም ሦስት ስኳድሮን ለመኑ። በአጠገባቸው የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ምን መጠባበቂያ እንደ ቀረ ቢጠይቁ፣ ምንም እንደሌለ መለሱላቸው። የጦር ትምህርት ይህን ይነቅፋል፤ እኔ ግን ፓርክን አልወቅስም፤ በምድር የተቀመጠ አይሮፕላን ለቦምብ እንጂ ለነገ አይተርፍምና። በዚያች ሰዓት ሌላ የጠላት ጓድ ቢከተል ኖሮ ነዳጅ ሲሞሉ ባገኛቸው ነበር፤ ነገር ግን አልመጣም።

ማታ 185 የጀርመን አይሮፕላኖች ወደቁ ተብሎ ተነገረ፤ ከጦርነቱ በኋላ መዝገቡ ሲመረመር 60 ያህል ሆኑ። ሂትለር ግን መስከረም 7 ቀን ወደ እንግሊዝ አገር የመሻገሩን ዘመቻ ላልተወሰነ ጊዜ አስተላለፈው።