ጅማትና ነርቭ፤ ከቡሬ እስከ ዘነበወርቅ

በኛ በጎጃም ጡንቻን ከአጥንት የሚያስረውም ጅማት ነው፣ ስሜት የሚያመላልሰውም ጅማት ነው። ፍኖተ ሰላም ወጌሻ ዘንድ ብትሄድ ወለምታህን ያሻል፣ ስብራትህን ያስራል፤ የደነዘዘ ጣት ሲያይ ግን እጁን ይሰበስባል። ታዲያ ምን ያድርግ?

የነርቭ ጥገና የጦርነት ልጅ ነው። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጣልያን ቡሬን ለቆ ሲወጣ፣ ኦክስፎርድ ላይ ኸርበርት ሴዶን የቁስለኞችን ነርቭ ያጠና ነበር። ከሌላ ሰው ነርቭ ወስዶ መቀጠልም በዚያው ዘመን ተሞክሮ አልሠመረም፤ ሰውነት ባዕድ ሥጋ አይቀበልማ!

ኋላ ቪየና ላይ ሐኖ ሚለሲ፣ ተጎትቶ የተሰፋ ነርቭ እንደማያገግም አሳየና ከበሽተኛው ከራሱ እግር ነርቭ እየወሰደ ክፍተቱን ሞላ። እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ ቶሮንቶ ውስጥ ሱዛን ማኪኖን ከሟች ለጋሽ የተገኘ ነርቭ ለአንድ ልጅ ተከለች። የተተከለው እኮ ድልድይ ብቻ ነው። የባለቤቱ ነርቭ በቀን አንድ ሚሊሜትር ያህል እያደገ ይሻገርበታል፤ እስኪሻገር ድረስ የሰውነትን መከላከያ የሚያደክም መድኃኒት ይወሰዳል።

ይህን ያነበበ አንድ ጓደኛችን «ይኸ ነገር ለሥጋ ደዌ በሽተኞቻችን በመጣ!» አለ። እኔ አልተስማማሁም። ሥጋ ደዌ አንድ ቦታ ላይ የተቆረጠ ነርቭ አይደለም፤ ባክቴሪያው ነርቩን በርዝመቱ ያበላሸዋል፣ ድልድይ የሚጣልበት ማዶ አይገኝም። (ፍርሃቱማ ሌላ ነው፦ ላሊበላዎች ጎህ ሳይቀድ በየደጁ ማዜም ከተዉ ደዌው ይይዛቸዋል ሲባል ስንት ትውልድ አለፈ!)

በ1958 ዓ.ም. ዘነበወርቅ ላይ አለርት ሲቋቋም ከጠንሳሾቹ አንዱ፣ ሕንድ አገር ቬሎር የሠራው ፖል ብራንድ ነበር። የብራንድ ዘዴ ነርቩን ትቶ ጅማቱን ማዛወር ነው። ጤነኛ ነርቭ የሚያዘው ጡንቻ ጅማቱ ወደ ታጠፉት ጣቶች ይዞራል፤ እጅ ይዘረጋል፣ እርፍ ይጨብጣል። ስሜቱ ግን አይመለስም፤ ጣት ምጣድ ላይ ቢያርፍ ባለቤቱ አይሰማውም። የወጌሻው ቋንቋ ነርቭንና ጅማትን አንድ ማድረጉ እዚህ ላይ ያስገርመኛል፤ ቀዶ ሐኪሙም በአንዱ ሌላውን ተካ።

ጥምር መድኃኒቱ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው፤ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ የሞተ ነርቭ ግን አያስነሣም። ነርቩ ከተጎዳ ስድስት ወር ሳይሞላው ፕሬድኒሶሎን ቢጀመር ስሜቱ ሊመለስ ይችላል። የቡሬ ገጠር ሰው ግን ቆዳው ሲደነዝዝ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ጠበል ነው፤ ስድስቱም ወር እዚያው ያልቃል።